የሰላምታ ቀረጥ

ግራር ሜዳ የሚባል ቆላ ውስጥ አንድ አባባል አለ። ሰው ከጠላት አጥብቆ የጠበቀውን ነገር ለወዳጅ ሲል እጁን አላልቶ ያጠፋው እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይህንኑ ይላሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ይስቃል። አባባሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰማው ሳያስቅ አይቀርም። መነሻውን የሚያውቁት ግን አይስቁም። አባባሉን ለመጨረሻ እናቆየውና መጀመሪያ ባለታሪኩ ይቅደም።

ሰውየው ጫኔ ይባላል። ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር ጥርኝ በሚባል ወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ጥርኝ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ ለመባል እንኳ የማይበቃ፣ ፍየል ጉልበቷን ሳታረጥብ የምትሻገረው ውሃ ነው። ጠባዩ የሚለወጠው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው። ግራር ሜዳ ላይ ፀሐይ ቦግ እንዳለች፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ከተራራው የወረደው ደራሽ ውሃ ድንገት ከተፍ ይልና ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። እንጉዳይንም የወሰዳት እንዲህ ያለ ብራ ቀን ነው። ልብስ ልታጥብ ወርዳ ነበር። ጫኔ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ ጉምጉምታውን ሰማ። ሮጦ ሲደርስ ያገኘው ቋጥኝ ላይ የተሰጣ ነጠላዋን ብቻ ነው።

በዚያው በጋ አባ ድፋባቸው የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ሰዉን ሰብስበው «ግድብ እንሥራ» አሉ። ሁሉም ተነሣ። ወንዙ ከሁለት ኮረብታ መሀል የሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ በደቦ አፈር ተጋዘ፣ ድንጋይ ተከመረ። አፈሩን ውሃ እያጠጡ በበሬ መንጋ አስረገጡት፣ ደግመው ደልድለው ደግመው አስረገጡት። ሥራው ሲያልቅ ከሩቅ ላየው ደክሞት የተጋደመ በሬ ይመስል ነበር እንጂ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። በጎኑ በኩል ደግሞ ትርፉ ውሃ ቀስ እያለ የሚወጣበት ቦይ ቆፈሩለት፤ ማስተንፈሻ ይሉታል።

አባ ድፋባቸው ሰዉን ግድቡ ሥር አቁመው ሕግ አወጡ።

«ይህ ነገር አፈር ነው» አሉ። «እርጥቡን ስንረግጠው ጠነከረልን፤ ደረቁን ብንረግጠው ግን ዱቄት ይሆንብናል። ከዛሬ ጀምሮ በጀርባው ላይ የሰው እግርም የከብት ኮቴም አይለፍ። ውሃ ሞኝ አይደለም፤ አንዲት ዝቅ ያለች ቦታ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።»

ማን ይጠብቀው ሲባል ጫኔ ከሰው መሀል ብድግ አለ።

«እኔ ልጠብቀው» አለ። «ከእንግዲህ እኔ ምን ቤት አለኝ?»

እህሉን ከየቤቱ ሊያዋጡለት ተስማሙ። ግድቡ ጫፍ ላይ ጎጆ ቀለሱለት። ጫኔም ዶማውን፣ ወንጭፉንና የእንጉዳይን ነጠላ ይዞ ገባ።

መጠበቁንስ ጠበቀ። ፍልፈል ጉድጓድ ምሶ ያደረ እንደሆነ ፀሐይ ሳትሞቅ ይደፍነዋል። ሥሩ አፈሩን እንዳይሰነጥቅ ቡቃያ ባየ ቁጥር ይነቅላል። ከብት ቢጠጋ በወንጭፍ፣ ሰው ቢጠጋ በአፉ ያባርራል፤ ከሁለቱ የሚብሰው ደግሞ አፉ ነበር። ችግሩ የቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያው ከወንዙ ማዶ ነውና በግድቡ ጀርባ ቢያቋርጡ ቅርብ ነው። በታችኛው መሻገሪያ የዞሩ እንደሆነ ግን ገደሉን ወርዶ፣ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ አቀበት መውጣት ነው። ሸክም ያለበት ሰው በየአቀበቱ ያማርራል። የሚያማርረው መንገዱን አልነበረም፣ ጫኔን ነበር።

«ጫኔ ግድቡን አግብቷል» ይላሉ ወንዶቹ። «ቀናተኛ ባል ነው፤ አታስነኩበት።»

ቀስ በቀስ ቀልዱ ቀርቶ ዝምታው መጣ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ራቅ ራቅ ይል ጀመር። ማኅበር ላይ ጠላው ይቀዳለታል፣ ጨዋታው ግን በላዩ ላይ ያልፋል። በኋላ መሄዱን ራሱ ተወው። እህል የሚያመጡለት ሰዎች ከግድቡ ግርጌ ያስቀምጡና «ጫኔ፣ ውሰድ!» ብለው ሳይጠብቁት ይመለሳሉ። ጫኔም ከላይ ሆኖ ጀርባቸውን ያያል።

አንድ ክረምት ላይ ታዲያ ከዚያ በፊት ሽማግሌ እንኳ የማያስታውሰው ደራሽ መጣ። ውሃው ከግድቡ ጫፍ ሊተካከል ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ማስተንፈሻው ያገሳል፣ ከተራራ የተነቀለ ግንድ እየመጣ ግድቡን ይደበድባል፣ ጫኔ ዶማውን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ግድቡ ያዘ። ውሃው ሲጎድል ጫኔ አጠገቡ ያለ ቋጥኝ ላይ የደረሰበትን ልክ በዶማው ጭሮ ምልክት አደረገና፣ ጭቃ እንደለበሰ ወደ መንደር ወረደ። ወንዶቹ ጥላ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ።

«ያዘ!» አለ ጫኔ እያለከለከ።

«ምኑ?»

«ግድቡ ነዋ! ደራሽ መጥቶ ነበር፣ ያዘው!»

ሰዎቹ ወደ ወንዙ ዞረው አዩ። ጥርኝ ትንሽ ደፍረስ ብሎ እንደ ወትሮው ይወርዳል። ፀሐይዋም እንደ ወትሮዋ ናት።

«የታለ?» አለ አንደኛው፣ ጠጠሩን ገበጣው ላይ እየጣለ። «የመጣ እንግዳ ደጅ ይመታል እኮ።»

ሳቁ። ጫኔ ትንሽ ቆመ። አረፍ በል የሚለው ሰው እንዳለ ጠበቀ። አልነበረም። ጭቃው ላዩ ላይ እየደረቀ ተመልሶ ወጣ። እንጉዳይን የወሰደበትን ውሃ ብቻውን አቁሞላቸው፣ አንድ ሰው እንኳ ደህና ነህ ወይ አላለውም። ያን ቀን ከፋው፤ ከዚያም በኋላ ቅሬታው አልለቀቀውም።

መሸት ሲል ጎጆው በር ላይ ተቀምጦ የመንደሩን ጭስ ያያል። የትኛው ጭስ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ የትኛው ቤት ዛሬ እንግዳ እንዳለበትም ይገምታል። አንድ ቀን ፍየል ሊያባርር አፉን ቢከፍት ድምፁ አልወጣ አለው፤ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ብሎ ቀረ። ሰው ካናገረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። ከዚያ በኋላ ለብቻው መነጋገር ጀመረ።

«እንደምን አመሸህ ጫኔ?» ይላል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» ብሎ ይመልሳል።

ድምፄ እንዳይዘጋ ብዬ ነው እያለ ራሱን ያታልል ነበር። ውሸቱን ነው። ሰው ናፍቆት ነው።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ሰላምታ ማወቅ ያስፈልጋል። እየሄዱ ራስን ነቅነቅ ማድረግ ግራር ሜዳ ላይ ስድብ እንጂ ሰላምታ አይባልም። ሸክም መሬት ይወርዳል፣ አህያ ይቆማል፣ ነጠላ ይስተካከላል፤ ከራስ ጤና ተነሥቶ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ማሳ፣ የታመመችው ጊደር ሳትቀር ትጠየቃለች። ተጠያቂውም ያንኑ ያህል መልሶ ይጠይቃል። ይህ ወግ ባይኖር ኖሮ ይህ ታሪክም አይኖርም ነበር።

ዘርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። መንደሩ ድስቷን ይወዳል፣ እሷን ይሸሻል። ዓይኗ ያስፈራል እያሉ ከሁሉም ቤት ዝቅ ብሎ፣ ከወንዙ አፍ ላይ ነው ጎጆ እንድትቀልስ የፈቀዱላት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልተሸጡላትን እንስራዎች በጀርባዋ ይዛ ከገበያ ስትመለስ፣ ወደ መሻገሪያው መውረዱ አስፈራትና ወደ ግድቡ መጣች።

«ተመለሺ!» አለ ጫኔ ወንጭፉን አንሥቶ። «ሕጉን አታውቂም?»

ዘርፌ አልተመለሰችም። ሸክሟን ቀስ አድርጋ አወረደች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንደምን ዋልህ አያ ጫኔ?» አለችው።

ጫኔ ወንጭፉን እንዳነሣ ቀረ።

«ጤናህ እንዴት ነው? ያምህ የነበረው ጉልበትህ ተሻለህ? ጎጆህስ አያፈስም? እህል አለህ? ማታ ማታ የሚያጫውትህ ሰው አለህ?»

ጫኔ ወደ ጎጆው ዞር ብሎ አየ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በጭንቅ። «አንቺስ? ሥራሽ እንዴት ነው?»

«ምን ሥራ አለ! ባለፈው ገበያ እዚያ መሻገሪያ ላይ ወድቄ ያለኝ ሁሉ ተሰበረ። የዛሬዎቹን ደግሞ የሚገዛ ጠፋ።»

ጫኔ ወንጭፉን አወረደ። ወደ ገደሉ አየ፤ ወደ እንስራዎቹ አየ።

«እለፊ» አላት። «የአንድ ሰው እግር ምን ያደርጋል?»

«ሕጉስ?»

«ጠባቂው እኔ አይደለሁም? ግን እንዲሁ አትለፊ። ባለፍሽ ቁጥር እንዲህ እንደ ዛሬው ሸክምሽን አውርደሽ ሰላም በይኝ።»

ዘርፌ ሳቀች። «ቀረጥህ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ርካሽ ነው» አለችና ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እኔንም እኮ አያ ጫኔ፣ ሸክሙን አውርዶ ሰላም የሚለኝ የለም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስታልፍ ሌሎች ሴቶች አዩ። ለሸክላ ሠሪ የተፈቀደ ለእኛ ሊከለከል ነው ወይ ብለው መጡ። ጫኔም አልመለሳቸውም። «ሸክማችሁን አውርዱና ሰላም በሉኝ» አላቸው። እነሱም ሰላም አሉት። ከሴቶቹ ቀጥሎ ወንዶቹ መጡ፣ ከወንዶቹ ቀጥሎ አህዮቻቸው። ቦታውንም የጫኔ ኬላ ብለው ስም አወጡለት። ያ ገበጣ ተጫዋች ሳይቀር እህል የጫኑ አህዮቹን እየነዳ መጥቶ «ቀረጥ ልክፈል» እያለ ይቀልዳል፤ ቆሞም ይጠይቃል፤ ይጠየቃል።

ጫኔ ሌላ ሰው ሆነ። አርብ አርብ ጋቢውን ያጥባል፣ ጢሙን ይላጫል። ግድቡ መሀል ላይ ለራሱ መቀመጫ ድንጋይ አኖረ። ማን እንደታጨች፣ የማን ላም እንደነጠፈች፣ ማን ከማን እንደተጣላ እሱ ያውቃል። አንዳንዴም የተጣሉትን እዚያው አቁሞ ያስታርቃል። ማታ ለራሱ ሰላምታ መስጠቱን መቼ እንደተወው እንኳ ልብ አላለውም።

ልብ ያለው ሌላ ነገር ነበር። ግድቡ መሀል፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት፣ ሸክም የሚወርድበትና አህያ የሚቆምበት ቦታ እየሰረጎደ መጣ። ሰው ሲጫወት አህያ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ዝንብ ሲነክሰው መሬት ይደበድባል። በጋው ደግሞ ደረቅ ነበር። አፈሩ ዱቄት ይሆናል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ጫኔ እሑድ እሑድ ደረቅ አፈር እየዛቀ ይሞላዋል፤ ቅዳሜ ይመጣና ያው ይሆናል። በወጉ ለመድፈን እርጥብ አፈርና የሚረግጥ የበሬ መንጋ ያስፈልጋል። በሬ ለመለመን ደግሞ መንደር ወርዶ «መንገዱ ሊዘጋ ነው» ማለት አለበት። ያችን ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው።

ክረምቱ ሲቃረብ አባ ድፋባቸው በከዘራቸው እየተደገፉ ግድቡን ሊያዩ መጡ። ስርጉዷ ውስጥ ቢገቡ ጉልበታቸው ላይ ደረሰች።

«ጫኔ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሰው አረፍ የሚልበት ነው አባ።»

«ሰው ያረፈበት ላይ ውሃም ያርፍበታል ልጄ። አንተ ውሃን የማታውቅ ሰው ነህ?»

ጫኔ መሬት መሬት አየ።

«ብቻዬን ነኝ እኮ አባ» አለ።

ሽማግሌው ከስርጉዷ ወጥተው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። እሳቸውም ይህን ሰው ስንት ዘመን ሳይጠይቁት እንደቀሩ ሳያስቡ አልቀሩም።

«አውቃለሁ» አሉት በመጨረሻ። «ግን መንገዱን ዝጋ። ዝናቡ እንደጀመረ በሬ አስመጥተህ አስረግጠህ ድፈነው። ከታች ያለው የሰው ሁሉ ቤት ነው።»

«እሺ አባ» አለ። ከልቡ ነበር እሺ ያለው። በማግስቱ መንገዱን በእሾህ አጠረው። ቅዳሜ ሲደርስ ገበያተኛው እሾሁን አየና ወደ መሻገሪያው ዞረ። ጫኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ከገደሉ ሥር ድምፃቸውን ሰማ፤ ይራገማሉ፣ እንደ ጥንቱ ስሙን እያነሡ። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ዘርፌ ብቻ ከማዶ እጇን አነሣች፤ ያለችው ነገር ግን አልደረሰውም። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እዚያው ተቀመጠ፤ ማታም የመንደሩን ጭስ ሲያይ አመሸ። «እንደምን አመሸህ ጫኔ?» ሊል አፉን ከፈተና ራሱን ፈራው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ እሾሁን በገዛ እጁ አነሣው። ክረምቱ ገና ነው አለ ለራሱ።

ክረምቱ ገና አልነበረም። ሰኔ ሳይጋመስ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያተኛው እየተመለሰ ሳለ ደጋው ጠቆረ። ግራር ሜዳ ላይ ፀሐይ ነበር። ጫኔ ድምፁን ከሁሉም ቀድሞ ሰማው፤ ያን ጉምጉምታ የሚረሳ ሰው አልነበረም። ዶማውን ይዞ ወደ ስርጉዷ ሮጠ። አፈር ሞላባት፤ የጎጆውን መዝጊያ ነቅሎ ገተረባት፤ መቀመጫ ድንጋዩንም አንከባሎ ጨመረባት። ውሃው መጣ፣ ወጣ፣ ቋጥኙ ላይ ከጫረው የዚያን ዘመን ምልክት ገና ዝቅ እንዳለ ስርጉዷን አገኛት። መጀመሪያ በመዝጊያው ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ነበር የወጣው። ከዚያ የጨመረው አፈር ሁሉ አንድ ጊዜ ሟሟ።

ጫኔ ዶማውን ጥሎ ወደ መንደሩ ቁልቁል በረረ።

«ደራሽ! ኧረ ደራሽ! ውጡ! ወደ ኮረብታው ውጡ!»

ያን ጊዜ «የታለ?» ያሉት ሰዎች አሁን አልጠየቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያውቁት ድምፅ ነው። ልጅ ያዘለች ልጇን፣ ሽማግሌ ያለው ሽማግሌውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ከኋላቸው ግድቡ ለሁለት ተከፈለ። ማሽላው ሄደ፣ ጎተራው ሄደ፣ ከብት ሄደ። ከሁሉ በፊት የሄደው ከወንዙ አፍ ላይ የነበረው የዘርፌ ጎጆ ነው፤ ባለቤቷ ከገበያተኛው ጋር ማዶ ቆማ ሲሄድ አየችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎድሎ ሰው ሁሉ የፈረሰው ግድብ አጠገብ ተሰበሰበ። ጫኔ በተቆረጠው ግድብ ጫፍ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ማንም አልተጠጋውም። ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆመው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

«ደራሹ በረታ፤ ምን ይደረግ» አለ ገበጣ ተጫዋቹ።

«አልበረታም» አለው አጠገቡ ያለው፣ ቋጥኙን በእጁ እያሳየ። «ያን እኛ የሳቅንበት ጊዜ ውሃው የደረሰው እዚያ ምልክቷ ድረስ ነበር፤ ጫኔ አሳይቶኛል። የትናንቱ ከዚያ በታች ነው።»

ገበጣ ተጫዋቹ ምልክቷን አየ፤ ከዚያ እግሩን አየ። 

በዚህ መሀል ዘርፌ ጭቃውን እየረገጠች መጣች። በጀርባዋ አንድ እንስራ ነበር፤ ትናንት ገበያ ላይ ሳይሸጥላት የቀረ፣ አሁን ያላት ንብረት እሱ ብቻ ነው። ሰዉን አልፋ ቀጥ ብላ ጫኔ ዘንድ ሄደች። ልትሰድበው ነው እያለ ሰዉ ይጠብቃል። እሷ ግን እንስራዋን ቀስ አድርጋ መሬት አወረደች፤ ጭቃ የነካውን ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንደምን ዋልህ አያ ጫኔ?» አለችው።

ጫኔ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ድምፁ ሲጢጥ ብሎ ቀረ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰዎቹ፣ አባ ድፋባቸው ይረግሙታል ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ። ሽማግሌው ግን የተከፈለውን ግድብ አዩ፣ መሬት ላይ የተቀመጠችውን እንስራ አዩ፣ ሁለቱን ሰዎች አዩ። ከዚያ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ደራሽ ያልደፈረውን ግድብ፣ እንደምን ዋልህ አፈረሰው» አሉ።